ከ«ተቀመጠ» እስከ «ነበር»፦ ግሦች የሰዋስው ምልክት የሆኑበት ታሪክ

በአማርኛ ስላለፈ ነገር የሚተርክ ሰው «ነበር» የሚለውን ቃል ሳይጠራ ብዙ ርቀት አይሄድም። ቃሉ እጅግ የተለመደ በመሆኑ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ፣ ቆየ ማለት ነው፤ መቀመጫውም «መንበር» ይባላል። አማርኛ ስሙን «ወንበር» ብሎ ሲይዘው፣ ግሡን ግን ከመቀመጥ ትርጉሙ አላቆ ያለፈ ጊዜ ማመልከቻ አደረገው። ስለዚህ «ወንበሩ ተሰብሮ ነበር» የሚል ሰው አንዱን ሥር ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ በዕቃ ስምነት፣ ቀጥሎም በሰዋስው ምልክትነት ይጠራዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ግሥ የቀድሞ ትርጉሙን እየጣለ ጊዜን፣ ሁኔታን፣ ንጽጽርን ወይም ዝምድናን ወደሚያመለክት ቃል የሚለወጥበትን መንገድ በአማርኛ ታሪክ ውስጥ መከታተል፣ ከዚያም በድሬዳዋና በዙሪያዋ ከአማርኛ ጎን ለጎን ከሚነገሩት ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር ማነጻጸር ነው። ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ስያሜ የሰጠው ፈረንሳዊው የሥነ ልሳን ሊቅ አንቷን ሜዬ ነው። ሜዬ በ1912 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ራሱን ችሎ የቆመ ቃል ወደ ሰዋስው መሣሪያነት ሲለወጥ ቋንቋው ቀድሞ ያልነበረውን መደብ እንደሚያገኝ አስረድቷል። ሆኖም ነገሩ ለሥነ ልሳን ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። ምልክት የሆነውን ቃል ገና እንደ ግሥ የቆጠረ ተርጓሚ የሰውን ቃል ኪዳን ወደ ምኞት ሊለውጠው ይችላል፤ ይህም እንዴት እንደሚሆን ከታች ይታያል።

የመኖር «አለ»

የአሁኑ አማርኛ «ይሄዳል» ሲል በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ግሥ ይናገራል። የመጀመሪያው «ይሄድ» የሚለው ትንቢት አንቀጽ ነው። ሁለተኛው ከግእዙ «ሀሎ» ጋር አንድ ሥር ያለው፣ ላላው ጠብቆ የሚነበበው የመኖር ግሥ «አለ» ነው። መጣበቁን የሚመሰክሩ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የቃሉ ጅራት ባለቤቱን እየተከተለ ይረባል፤ «እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳሉ» በምንልበት ጊዜ «አለሁ፣ አለሽ፣ አሉ» ሳይጎድሉ ይሰማሉ። ሁለተኛ፣ ተሳቢውን የሚያመለክተው ቅጥያ በሁለቱ ግሦች መካከል ይገባል። «ይነግረኛል» በሚለው ቃል «ኝ» የሚገኘው ከ«ይነግር» በኋላ፣ ከ«አል» በፊት ነው፤ ይህም ሁለቱ ግሦች ከመጣበቃቸው በፊት ቅጥያው በመጀመሪያው ግሥ መጨረሻ ላይ እንደነበር ያመለክታል። ሦስተኛ፣ አዲሱ ምልክት ያልገባባቸው ቤቶች እስከ ዛሬ ክፍት ናቸው። አሉታው «አይሄድም» ነው፤ ጥገኛ ዐረፍተ ነገሩም «የሚሄድ፣ ሲሄድ፣ ቢሄድ» ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «አለ» የለም።

የቆዩ ጽሑፎችም ይህን ያጠናክራሉ። ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ለነገሡ ነገሥታት የተገጠሙትንና ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ1889 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸውን የአማርኛ ግጥሞች ያየ አንባቢ፣ ዛሬ «አል» በግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ትንቢት አንቀጹ ብቻውን ቆሞ ያገኘዋል። ይኸው የጥንት ወግ በምሳሌያዊ አነጋገር ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን እንጂ «ያስራል» አንልም። ምሳሌያዊ አነጋገር ከሰዋስው ለውጥ ወደኋላ የሚቀር በመሆኑ ለታሪክ አጥኚ ጥሩ ምስክር ነው።

ከቦዝ አንቀጽ ጋር የሚገኘው «ሄዷል» እንዲሁ «ሄዶ»ና «አለ» ተገናኝተው የሠሩት ነው። እንግዲህ አንዱ የመኖር ግሥ በትንቢት አንቀጽ ላይ ሲገባ በመሆን ላይ ያለውን ወይም የሚመጣውን፣ በቦዝ አንቀጽ ላይ ሲገባ ደግሞ ተፈጽሞ ውጤቱ የቆየውን ነገር ያመለክታል ማለት ነው። በሐረሪ ቋንቋም የዋናው ዐረፍተ ነገር ትንቢት አንቀጽ በተመሳሳይ «ኣል» ይዘጋል።

ነበር፣ ኖሮ፣ ቆይቷል

«ነበር» የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው። «ይሄድ ነበር፣ ሄዶ ነበር» በምንልበት ጊዜ ቃሉ አልተጣበቀም፤ ለብቻው ቆሟል። ነገር ግን ባለቤቱን መከተል ትቷል። ዋና ግሥ ሲሆን «እዚያ ነበርኩ፣ እዚያ ነበርሽ፣ እዚያ ነበሩ» እያለ ይረባል፤ ረዳት ሲሆን ግን «ሄጄ ነበር፣ ሄደሽ ነበር፣ ሄደው ነበር» ነው። ሦስቱም ላይ አንድ መልክ ብቻ አለው።

ይህ ንጽጽር አንድ መሠረታዊ ነገር ያስተምራል። «አለ» ተጣብቋል፤ እርባታውን ግን አልጣለም። «ነበር» እርባታውን ጥሏል፤ ግን አልተጣበቀም። ስለዚህ ግሥ ወደ ምልክትነት ሲያልፍ የሚያጣቸው ነገሮች፣ እነርሱም ትርጉሙ፣ እርባታውና ለብቻው መቆሙ፣ በአንድ የተወሰነ ተራ የሚጠፉ አይደሉም። እያንዳንዱ ግሥ የሚጥለውንና የሚያስቀረውን በየራሱ ይመርጣል።

«ኖረ» የሚለው ግሥ የዚህ ሌላ ምሳሌ ነው። «ብትመጪ ኖሮ እናይሽ ነበር» በሚለው አነጋገር «ኖሮ» ከመኖር ትርጉም ወጥቶ፣ ሊሆን ሲገባው ያልሆነን ነገር ማመልከቻ ሆኗል። ባለቤቷ ሴት ስትሆንም «ኖረሽ» አይባልም። «ለካ መጥቶ ኖሯል» ሲባል ደግሞ ተናጋሪው ነገሩን ዘግይቶ ማወቁን ይገልጻል። ሁለቱም ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም አይቻልም።

ከዚህ በኋላ «ቆየ» ይመጣል። «አሥር ዓመት ሲሠራ ቆይቷል» የሚለው አነጋገር፣ በተለይ በጋዜጣና በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ፣ በአንድ ወቅት ጀምሮ እስከ አሁን የዘለቀን ድርጊት የሚያመለክት ሆኗል። ቃሉ እስካሁን ይረባል፤ ትርጉሙም አልጠፋም። ቢሆንም የመንገዱን መጀመሪያ ይዟል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ «ነበረ»፣ «ኖረ»ና «ቆየ» ሦስቱም በአንድ ቦታ መዝለቅን የሚያመለክቱ ግሦች መሆናቸው ነው። አንደኛው ደክሞ ምልክት ብቻ ሲሆን ቋንቋው ከዚያው ከትርጉም ዘመዶቹ መካከል ሌላውን ለአገልግሎት ጠርቷል።

የመናገር «አለ»

በፊደል ከመኖር «አለ» ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ የሚጻፈው፣ ላላው ላልቶ የሚነበበው የመናገር «አለ» ነው። ሥሩ ከግእዙ «ብህለ» ጋር አንድ ነው። «በ» ከኃላፊው ቢወድቅም በ«ብሎ»ና በ«በል» ውስጥ ይታያል። «ባህል» የሚለውም ስም ከዚሁ ሥር ነው።

ይህ ግሥ በሦስት ሥራዎች ላይ ተሰማርቷል። መጀመሪያ፣ «ዝም አለ፣ ቀስ አለ፣ ብድግ አለ» በሚሉት ውስጥ ለማይረባ ቃል የግሥ እርባታ ያበድረዋል። ዝም ያለ ሰው ምንም እንዳልተናገረ ግልጽ ነው። ሁለተኛ፣ «ልሂድ ብዬ ተነሣሁ» ሲባል «ብዬ» ሐሳብንና ዓላማን ያመለክታል፤ ከአፍ የወጣ ቃል መኖር አያስፈልገውም። «ለልጇ ስትል ተሰደደች» የሚለውም እንዲሁ ምክንያትን ያመለክታል። ሦስተኛ፣ «ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረስን» በሚለው ውስጥ «ስትል» ሊሆን የተቃረበን ነገር ያመለክታል። ፀሐይ የማትናገር በመሆኗ ግሡ የመናገር ትርጉሙን ፈጽሞ መጣሉ በዚህ ምሳሌ ይረጋገጣል። ቃሉ እንደ ግሥ መሥራቱን አቁሞ እንደሆነ ለመመርመር ከሁሉ ቀላሉ ፈተናም ይኸው ነው፤ ድርጊቱን ሊፈጽም የማይችል ባለቤት ይሰጠውና ዐረፍተ ነገሩ ይቆም እንደሆነ ይታይ።

እዚህም ላይ የጠፋውና የተረፈው ነገር ከቀደሙት ይለያል። የመናገር «አለ» ትርጉሙን ጥሏል፤ ግን «ስል፣ ስትል፣ ሲሉ» እያለ እርባታውን ሙሉ በሙሉ ጠብቋል፤ አልተጣበቀምም። እንግዲህ የመኖር «አለ»፣ «ነበር» እና የመናገር «አለ» ሦስት የተለያዩ ሚዛኖች ናቸው።

«ይልቅ»ና ዘመዶቹ፤ የካንቶንኛና የማላይኛ ምስክርነት

ከሁሉ ርቀው የሄዱት ዝምድናንና ንጽጽርን የሚያመለክቱ ቃላት ናቸው። «ይልቅ» ከ«ላቀ»፣ «ይበልጥ» ከ«በለጠ»፣ «ያህል» ከ«አከለ»፣ «ድረስ» ከ«ደረሰ»፣ «በቀር» ከ«ቀረ» የወጡ ናቸው። «ያህል» በአንዳንድ ተናጋሪዎች አፍ «ያክል» ሆኖ መሰማቱ የምንጩን ግሥ ያጋልጣል። «ይልቅ»ና «ይበልጥ» ያለ «አል» መቆማቸው ደግሞ፣ የቀረጻቸው ትንቢት አንቀጽ ብቻውን ሊቆም ይችል በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ያስጠረጥራል። «ጀምሮ» ገና በመካከል ነው። «ከልጅነታችን ጀምሮ» የሚለው በርትቷል፤ «ከልጅነታችን ጀምረን» የሚለውም ግን አልሞተም።

በመብለጥ ግሥ አማካይነት ማነጻጸር የአማርኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ቻይና በሚነገረው በካንቶንኛ «ግዎ» ማለት አለፈ ማለት ነው። «እርሱ ከእኔ ይረዝማል» ለማለት ተናጋሪው ከ«ረጅም» ቀጥሎ «ግዎ» ይልና «እኔ»ን ያስከትላል፤ ቃል በቃል «እርሱ ረጅም አለፈ እኔን» እንደማለት ነው።

ካንቶንኛ ከማላይኛ ጋር ሲተያይ ደግሞ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም ሌላ ትምህርት ይገኛል። በማላይኛ «ዳፓት» ማለት አገኘ ማለት ሲሆን ከሌላ ግሥ ጋር ሲገባ መቻልን ያመለክታል። በካንቶንኛም «ዳክ» የሚለው አገኘ ማለት ሲሆን እንዲሁ መቻልን ያመለክታል። በኳላ ላምፑር የሁለቱ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች በአንድ ከተማ ይኖራሉ። ይህን ያየ ሰው አንዱ ከሌላው ቀድቷል ለማለት ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን የማላይኛው «ዳፓት» ከዋናው ግሥ በፊት ሲቆም የካንቶንኛው «ዳክ» ከዋናው ግሥ በኋላ ይቆማል። ካገኘ ወደ ቻለ የሚወስደው የትርጉም መንገድ አንድ ነው፤ የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ የትርጉም መመሳሰል ብቻውን የመቀዳዳት ማስረጃ አይሆንም፤ አሠራሩም አብሮ መታየት አለበት። ይህንን መመዘኛ ይዘን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ።

በድሬዳዋ ዙሪያ

ድሬዳዋ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ከከተማዋ ወጣ ብለው የሚገኙ የገጠር ቦታዎች ስሞችም ይህንኑ መቀራረብ ይመሰክራሉ። ለምሳሌ ቢዮ አዋሌ በሚለው ስም ውስጥ «ቢዮ» ውሃ ማለት የሆነው በሶማሊኛ ነው፤ በኦሮምኛ ውሃ «ቢሻን» ይባላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ያደገ ሰው ያለፈን ጊዜ በሦስት ሰዋስው ሲናገር የሚያገኛቸውን ምልክቶች እንመልከት።

በኦሮምኛ «ዴሜ ቱሬ» ማለት «ሄዶ ነበር»፣ «ዴማ ቱሬ» ማለት «እየሄደ ነበር» ማለት ነው። «ቱሬ» ራሱን ሲችል ቆየ ማለት ነው። «ዴማ ጂራ» ደግሞ «እየሄደ ነው» ሲሆን፣ «ጂራ» ራሱን ሲችል አለ፣ ይኖራል ማለት ነው። በሶማሊኛ «ተጊ ጂረይ» ማለት «ይሄድ ነበር» ማለት ነው፤ የዚህም ረዳት ግሥ ምንጩ መኖርን የሚያመለክት ነው። እንግዲህ ሦስቱም ቋንቋዎች ያለፈ ጊዜ ምልክታቸውን የሠሩት ከመቀመጥ፣ ከመቆየትና ከመኖር ግሦች ነው። ሦስቱም ግሥ በመጨረሻ የሚያውሉ በመሆናቸው ምልክቱ ከዋናው ግሥ በኋላ ይገኛል።

አሠራሩ ሲመረመር ግን ልዩነት ይታያል። ኦሮምኛ «ቱሬ»ን የሚያስከትለው፣ እንደ አማርኛው ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን ከሚከተል የግሥ መልክ በኋላ ነው። ሶማሊኛ ግን ዋናውን ግሥ በማይረባ አርእስት መልክ አስቀምጦ እርባታውን ሁሉ ለረዳቱ ይሰጣል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሁለቱም የኩሽ ቋንቋዎች ሆነው ሳለ፣ በዚህ ነጥብ ኦሮምኛ ከዘመዱ ይልቅ ወደ ጎረቤቱ ወደ አማርኛ ይቀርባል። አማርኛና ኦሮምኛም ቢሆኑ ፍጹም አንድ አይደሉም፤ ባለቤቷ ሴት ስትሆን ኦሮምኛው «ቱርቴ» እያለ ረዳቱን ሲያረባ፣ አማርኛው «ነበር»ን አድርቆታል።

በመናገር ግሥም መመሳሰሉ ሰፊ ነው። የአማርኛው «ዝም አለ» በኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ሲሆን፣ «ጄዼ» ማለት አለ ማለት ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1945 እ.ኤ.አ. የኩሽ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ ሲመረምር፣ ቻርልስ ፈርጉሰን ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን እንደ አንድ የቋንቋ አካባቢ ሲገልጽ፣ የጋራ ጠባዮችን ዘርዝረዋል። ከፈርጉሰን ዝርዝር ውስጥ አንዱ ይህ በ«አለ» የሚሠራ ጥምር ግሥ ነው። እዚህ ላይ ትርጉሙም አሠራሩም ስለሚገጥም የመቀራረብ ውጤት ነው ማለት ይቻላል። ስለ «ነበር»፣ «ቱሬ»ና «ጂረይ» ግን እንዲህ በደፈናው መናገር አይገባም፤ ከመቀመጥ ወደ ያለፈ ጊዜ የሚወስደው መንገድ ማንኛውም ቋንቋ በራሱ ሊሄድበት የሚችል ነውና።

ለተርጓሚ ግን አደጋው ያለው ከመመሳሰሉ ውስጥ ነው። «ቱሬ» እንደ «ነበር» ነው፣ «ጂረይ»ም እንደ «ነበር» ነው ብሎ የተነሣ ሰው፣ «ተጊ ጂረይ»ን «ሄዶ ነበር» ብሎ ሊተረጉም ይችላል። የሶማሊኛው አነጋገር ግን አንድ ጊዜ የተፈጸመን ሳይሆን ይዘወተር የነበረን ድርጊት ያመለክታል። በምስክር ቃል ውስጥ «ወደዚያ ቤት ሄዶ ነበር» እና «ወደዚያ ቤት ይሄድ ነበር» የሚሉት አንድ አይደሉም።

ከዚህ የሚብሰው የ«ዶና» ጉዳይ ነው። በሶማሊኛ «ዶን» የሚለው ግሥ ራሱን ሲችል ፈለገ ማለት ነው። ከአርእስት ጋር ሲገባ ግን የወደፊት ጊዜ ምልክት ነው። እንበልና አንድ ባለዕዳ በሽማግሌዎች ፊት «ዋን ቢሒን ዶና» ቢል፣ «እከፍላለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ «ዶን» ከሚለው ፊት «ፈለገ»ን ብቻ ያገኘ ተርጓሚ «መክፈል እፈልጋለሁ» ብሎ ይጽፈዋል። የገባው ግዴታ ወደ ምኞት ዝቅ ይላል፤ ባለገንዘቡም በሰነዱ ላይ የተሰጠውን ቃል ያጣል። ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ ሳይሆን ምልክቱን ከግሡ ያልለየው መዝገብም ነው።

መዝገበ ቃላት እንዴት ይያዘው?

ድሬዳዋ በመዝገበ ቃላት ታሪክም ስሟ ይነሣል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በዚህች ከተማ ኖረው ሠርተዋል። የመምህሩ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. በደቀ መዝሙሩ ትጋት ታትሟል፤ የደቀ መዝሙሩ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 ዓ.ም. ወጥቷል። እነዚህ ሊቃውንት የያዙት በሥር የመመደብ ልማድ ለታሪክ እጅግ የሚጠቅም ነው፤ «መንበር»ን ከ«ነበረ» ሥር ያገኘ አንባቢ የቃሉን ዘር ያያል። ይሁንና ትርጉም የሚፈልግ ሰው «ይልቅ»ን ከ«ላቀ»፣ «ያህል»ን ከ«አከለ» ሥር መፈለግ እንዳለበት አያውቅም።

ከላይ የታዩት ማስረጃዎች ወደሚከተሉት አራት ምክሮች ይመራሉ። አንደኛ፣ እርባታቸውን ፈጽሞ የጣሉ ቃላት፣ ማለትም «ነበር»፣ «ኖሮ»፣ «ይልቅ»፣ «ያህል»፣ «ድረስ»፣ «በቀር»፣ የየራሳቸው መነሻ ቃል ሆነው ይመዝገቡ፤ የምንጩ ግሥ በአጭሩ ይጠቀስ። ሁለተኛ፣ እርባታቸውን የጠበቁት፣ እንደ መናገር «አለ» ያሉት፣ በግሡ ሥር ይቆዩ፤ ነገር ግን የምልክትነት አገልግሎታቸው በተለየ ቁጥር ይመደብ፤ ምሳሌውም ድርጊቱን ሊፈጽም የማይችል ባለቤት የያዘ ይሁን። ሦስተኛ፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ «አለ»ዎች በመዝገቡ ውስጥ በግልጽ ምልክት ይለዩ። አራተኛ፣ በሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ግሥ ከግሥ ጋር ብቻ ሳይሆን አገልግሎት ከአገልግሎት ጋር ይጣመር፤ «ዶን» ከሚለው ፊት «ፈለገ» ከሚለው ቀጥሎ የወደፊት ጊዜ ምልክትነቱ ከነምሳሌው ይጻፍ።

የቀረው ሥራ ገና በመንገድ ላይ ያሉትን መከታተል ነው። «ነበረ» ከተቀመጠነት ወደ ምልክትነት ሲያልፍ እርምጃውን ቀን በቀን የመዘገበ አልነበረም፤ ዛሬ የምናውቀው ከወንበሩና ከጥቂት የቆዩ ጽሑፎች ተነሥተን ነው። «ቆየ»ና «ጀምሮ» ግን በዐይናችን ፊት እየተለወጡ ናቸው። የትኛው ተናጋሪ «ጀምሮ»፣ የትኛው «ጀምረን» እንደሚል፣ «ሲሠራ ቆይቷል» ከጽሑፍ ወደ ገበያ ንግግር ምን ያህል እንደወረደ፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ አጠቃቀሙ ይለያይ እንደሆነ፣ ከነቦታውና ከነዓመቱ በካርድ ላይ ቢሰፍር፣ የሚመጣው መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከግምት ይልቅ በማስረጃ ይሠራል።